በገባበት በር ይውጣ

በእኛ ቤት ሰው አይሞትም ነበር፤ ይሄዳል እንጂ። «ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄደዋል» ይባላል፤ አለቀ። ቁርስ ላይ አጠገብህ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ስለ ጉልበቱ ሲያማርርህ የነበረው ሰውዬ እራት ላይ የለም። ወንበሩም የለም። የቀሩት ወንበሮች ጠጋ ጠጋ ብለው ክፍተቱን ይሞሉታል፤ እኛም ጠጋ ጠጋ ብለን እንበላለን።

ቤታችን የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ፎቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ረጃጅም ኮሪደሮችና በየኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የምንደገፍበት የእንጨት መያዣ አለው። እኔ ጡረታ እስክወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፤ እዚህም ሹፌሩ ነው የምባለው። ዛሬ የምነዳው ዊልቸር ብቻ ነው፤ እሱንም በግድ።

ሰው «ሲሄድ» አሠራሩ እንዲህ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ድምፅ ማጉያው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ያሰማና፣ «ውድ ነዋሪዎቻችን፣ የወለል ጽዳት ስላለ እባካችሁ በየክፍላችሁ ቆዩ» ይላል። በራችን ይዘጋል። ከዚያ በኮሪደሩ ጎማ ያልፋል። ወለል ሲጸዳ መጥረጊያና ባልዲ ይሰማል እንጂ ጎማ አይሰማም። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ጎማ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጭነት ያለውንና ባዶውን በድምፁ እለያለሁ። ጎማው ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይታጠፋል፤ ከዚያ በስተጀርባ ባለው የብረት በር መኪና ይጠብቃል። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁላችንም ዝም እንል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለን።

ሞገድ እስክትመጣ ድረስ።

ሞገድ ያልናት እኛ ነን። በደህናው ዘመኗ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበረች። ልጇ ናት ይዛት የመጣችው። ዓይኗ ደክሟል፤ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ነው፤ ሰውን የምትለየው በጥላውና በአካሄዱ ነው። ድምፅዋን ግን እርጅና ፈርቶት አልተጠጋውም። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ «ጨው አቀብሉኝ» ስትል አዋጅ የታወጀ መስሎን ሁላችንም ቀና አልን። ጆሮ የሌላቸውም ቀና አሉ።

የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጧት፤ በእኔና በልብስ ሰፊዋ መካከል። ብዙም ሳንቆይ እኔና እሷ አንድ ተሽከርካሪ ሆንን። እሷ እግር አላት፣ እኔ ዓይን አለኝ። ዊልቸሬን ትገፋለች፤ እኔ «ወደ ግራ፣ ቀስ፣ ሰው አለ፣ ፍሬን!» እላለሁ። «ሞተሩ እኔ፣ መሪው አንተ፤ ደሞዙን ግን እኩል ነው የምንካፈለው» ትለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሌላ ናት። ትንሽዬ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ እንደ ክር። እርጅና ሰውን ያሳጥራል፤ ሱሪያችን በየዓመቱ ይረዝምብናል። እሷ ናት የሁላችንንም ሱሪ አንድ በአንድ እያጠፈች ያሳጠረችው። ሞገድ ማየት ስለማትችል፣ ልብስ ሰፊዋ በየማለዳው የሰዉን አለባበስ በጆሮዋ ታነብላት ነበር።

«ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ክራቫቱ ከሸሚዙ ጋር ተኳርፏል» ትላታለች። «ሹፌሩ ሹራቡን ገልብጦ ነው የለበሰው፤ ዝም ብዬዋለሁ፤ ያምርበታል።»

ሞገድ ያን የመሰለ ድምፅዋን ለቃ ትስቃለች፤ አዳራሹ ይናወጣል።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ማሳል ጀመረች። አንድ ቀን ምሳ ላይ አልመጣችም። ከምሳ በኋላ ሙዚቃው ተሰማ። የወለል ጽዳት።

እራት ላይ ሞገድ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ የጓደኛዋን ክንድ ለመንካት እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። እጇ አየር ዳበሰ። ትንሽ ራቅ አድርጋ ዘረጋችው፤ የሌላ ሰው እጅጌ አገኘች። እጇን መለሰች።

«ልብስ ሰፊዋስ?» አለች።

ምግብ የምታቀርበው ልጅ ሾርባውን እያስቀመጠች፣ «ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄደዋል፣ እትዬ» አለቻት። ክፋት የላትም፤ እንዲህ በሉ ተብለው ነው።

«የትኛው ቤተሰቧ?» አለች ሞገድ። «ባሏ ሞቷል፣ እህቷ ሞታለች፣ ልጅ አልወለደችም። ወደ እነሱ ከሆነ የሄደችው ንገሪኝ።»

ማንኪያ ሁሉ ቆመ። ልጅቷ ማሰሮዋን ይዛ ቀረች። ሞገድ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ሹፌር፣ አንተ ታውቃለህ?»

ምን በወጣኝ ብል እወድ ነበር። ግን እንዲያ ባለ ድምፅ ተጠይቆ መዋሸት የሚችል ሰው አልተፈጠረም።

«ዛሬ ወለል ተጠርጓል» አልኳት።

አልጮኸችም። ፎጣዋን አጠፈችና ተነሳች፤ ከኋላዬ መጥታ የዊልቸሬን እጀታ ያዘች። «ንዳኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ የልብስ ሰፊዋ ክፍል ሄድን። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሞገድ በእጇ የአልጋውን ባዶ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው። ከዚያ ደረጃው ሥር ወዳለችው ቢሮ ወረድን። በሯ ላይ «የነዋሪዎች ድጋፍ» ይላል። እዚያ የምትሠራው ወጣት ናት፤ ልጃችን እንላታለን። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለበትን የምታደርሰው፣ ከልጁ የተኳረፈውን የምታስታርቀው፣ በየማለዳው በድምፅ ማጉያው «የቤታችን ዜና»ን የምታነበው እሷ ናት፤ ልደት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ፀጉር አስተካካዩ የሚመጣበትን ቀን። የወለል ጽዳቱንም የምትናገረው እሷው ናት።

ሞገድ አንድም ቃል ሳትናገር ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«ታመው ነበር፣ እትዬ» አለች። «ሳንባቸው ነው። አልተሰቃዩም፤ እጃቸውን ይዤ ነበር።»

«እጇን መያዝሽ ደግ ነው፤ እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ። አሁንስ የት ናት?»

«ወስደዋቸዋል።»

«ማን ሸኛት?»



በማግስቱ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያናግርህ ከወገቡ ዝቅ ይላል። ሁላችንንም «እማማ»፣ «አባባ» ይለናል።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ሐዘንዎ ይገባኛል» አለ። «ግን ለእናንተው ብለን ነው። ድሮ እንናገር ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ሞት ሲነገር ወዳጁ ምግብ አልበላም ብለው አልጋ ላይ ቀሩ፤ ልጆቻቸውም ቤቱን ወቀሱ። ሐዘን ይተላለፋል።»

«ጉንፋን አደረግከው እንዴ?» አለች ሞገድ።

«እንዲያ ማለቴ አይደለም…»

«ስማኝ ልጄ። እኔ ጎርፍ አንብቤያለሁ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አንብቤያለሁ፣ የጦር ሜዳ ወሬ አንብቤያለሁ። ሰው ሰምቶ ያለቅሳል፤ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ የጎረቤቱን በር ሊያንኳኳ ይሄዳል። ምንም ያልተነገረው ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚባንነው። ሞት እዚህ ቤት እንዳለ እኛ አናውቅም? እኛ እኮ ጎረቤቶቹ ነን! የማናውቀው ዛሬ ማን ጋ እንደገባ ነው።»

«መመሪያ ነው፣ እማማ።»

«እሺ» አለችው። እሺ ያለችበት አነጋገር ግን እሺ አልነበረም። እኔ አውቃታለሁ፤ ማርሽ ስትቀይር ይሰማኛል።

ከዚያ ወጥተን በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው ክፍል ገፋችኝ። ክፍሉ ከምግብ አዳራሹ ጎን ያለ ጠባብ ጓዳ ነው። ልጃችን ማይኩ ፊት ተቀምጣ የዕለቱን ዜና ልትጀምር ነበር፤ ቀይዋ መብራት በርታለች። ሞገድ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሳችና ወንበሩን ለቀቀችላት። መብራቷን ግን አላጠፋችም።

ሞገድ ተቀምጣ ማይኩን በጣቷ ለካችው። ጀርባዋ ቀጥ አለ። የማላውቃት ሴት ሆነች።

«ጤና ይስጥልን። የቤታችንን ዜና እናሰማለን» አለች። «ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ወለል እየተጠረገ ነው በተባለበት ሰዓት፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። የሞተችው በሳንባ ሕመም ነው። አልተሰቃየችም፤ እጇን የያዘ ሰው ነበር። ባሏንና እህቷን ቀብራለች፤ ልጅ አልነበራትም፤ ለሐዘን የሚቀመጥላት ቢኖር እኛው ነን። አሁን የለበሳችሁትን ልብስ ጫፉን ገልብጣችሁ እዩት፤ ስፌቷን ታገኙታላችሁ። ነፍስ ይማር።» ቀጥላም፣ «ዛሬ ፀሐይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ዜናው ይኸው ነው» ብላ ጨረሰች።

ወደ አዳራሹ ስንገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሱሪውን ጫፍ እያየ ነበር። አናጺው፣ ጋሼ መሮ የምንለው፣ ተነስቶ ቆሟል። አንዲት ሁልጊዜ ሹራብ የምትሠራ ሴት ግን ቁጣዋ ገነፈለ።

«ምን አደረግሁሽ?» አለቻት ሞገድን። «ሳላውቅ በሰላም እበላ ነበር! ማን ንገሪኝ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም፣ እህቴ» አለች ሞገድ። «ቁጣሽን እቀበላለሁ።»

ባለ ሹራቧ ምግቧን ትታ ወጣች። ከወዲያኛው ጥግ ግን አንድ ሰው፣ «ያ ሳቂታው አትክልተኛስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጃችን በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሞተዋል» አለች። «መንትዮቹ እህትማማቾችስ?» «ታላቅየዋ ሞተዋል፤ ታናሽየዋ የእውነት ልጃቸው ጋ ናቸው።» «እሰይ!» አለ አንዱ። እንዲህ እንዲህ እያልን ጠየቅናት፤ እሷም አንዱንም ሳትሸሽግ መለሰችልን። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስናለቅስ፣ ስለ አትክልተኛው ቀልድ ስንስቅ፣ ምሳ ደረሰ።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን የማይኩን ክፍል ቆለፈው፤ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ። ለሞገድ ልጅም ደወለላት። ልጇ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። እኔ እናትና ልጅ ከተቀመጡበት አጠገብ፣ ከፎቁ በታች ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር፤ ልነሳ ብል መነሳት አልችል፣ እናም ሰማሁ።

«እማዬ፣ አፈር ስሆን ዝም በይ!»

«አፈር የምሆነው እኔ ነኝ፤ ተራ አትዝለይ።»

«እኔ አልቀለድኩም። ያስወጡሻል። ከዚህ ሌላ የት ላድርግሽ? እኔ ቤት ደረጃው አይሆንሽ፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል የለ።»

«ያስወጡኝ። ከዚህ ቤት በዋናው በር፣ በቁሜ የወጣሁ የመጀመሪያዋ ሰው እሆናለሁ።»

ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጓደኛሽን ማን ቀበራት?» ብላ ጠየቀች በመጨረሻ።

«የመኪናው ሹፌርና የቀብር ሠራተኛው። እኛ ክፍላችን ውስጥ ተቆልፈን ወለል ይደርቃል ብለን እንጠብቅ ነበር።»

ልጇ ተነስታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁን ያለችውን ልጃችን ናት በኋላ የነገረችን። «እናቴን ካስወጣችሁ ምክንያቱን ጽፋችሁ ስጡኝ» አለችው አሉ። «‹ሰው መሞቱን ተናግራለች› ብላችሁ ጻፉና ፈርሙበት።» ሥራ አስኪያጁ አልጻፈም።

ማይኩ ቢቆለፍም ድምፅዋ አልተቆለፈም። ሞገድ ጠዋት ጠዋት አዳራሹ መሃል ቆማ ዜናዋን ማሰማት ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ የቁርሱን ሙዚቃ ከፍ አስደረገው፤ ሙዚቃው ተሸነፈ። ማን ታሞ እንደተኛ፣ ማን ከሐኪም ቤት እንደተመለሰ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደተወለደ፣ ሾርባው ስለ መቅጠኑ፣ ሁሉን ትናገራለች። ሰዉም እየመጣ የሕይወቱን ታሪክ ይነግራት ጀመር፤ ሲሞት እንዳትሳሳትበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኛ ግን ስለ ራሳችን የሚነገረውን ቀድመን ሰምተን ማረም ቻልን።

ጋሼ መሮ አንድ ጠዋት ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔ ስሞት ‹ደግ ባል ነበር› እንዳትዪ» አላት። «ሚስቴ ባለችበት ትስቃለች። ‹በር አሳምሮ ይሠራል› በይ፤ ይበቃኛል።»

የፈሩት ይደርሳል። ጋሼ መሮ ከቁርስ በኋላ ወደ ክፍሉ ሲሄድ ልቡ ቆመ። ነርሷ ሮጠች፤ ሐኪም መጣ፤ አልሆነም። ከዚያ ሙዚቃው ተሰማ። በዚህ ጊዜ ግን ድምፁ የልጃችን አልነበረም፤ እሷ አላነብም ብላ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው ያነበበው። «ውድ ነዋሪዎቻችን፣ የወለል ጽዳት ስላለ…»

ሳይጨርሰው የክፍሌ በር ተንኳኳ። ሞገድ ናት፤ ግድግዳውን እየዳበሰች በየበሩ በከዘራዋ ትደልቃለች።

«ወለል ሊጠረግ ነው አሉ! ኑ ውጡ፣ አብረን እንጥረግ!»

አንድ በር ተከፈተ። ሌላ በር ተከፈተ። መራመጃቸውን የሚገፉ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ፣ አንዱ ካልሲውን ብቻ ያደረገ፣ ሁሉም ወጡ። ሞገድ እጀታዬን ያዘች። «ወዴት?» አለችኝ። «በቀጥታ፣ ከዚያ ወደ ልብስ ማጠቢያው» አልኳት። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዊልቸሬን አግድም አዞርኩና ፍሬኔን ያዝኩ። በሹፌርነት ዘመኔ ሁሉ መንገድ ዘግቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ዘጋሁ። ሌሎቹ ከኋላዬ ተሰለፉ።

ባለ ጎማው አልጋ መጣ። ነጭ አንሶላ ለብሷል። ልጃችን ከኋላ፣ አንድ ሠራተኛ ከጎን፣ ሥራ አስኪያጁ ከፊት። ሲያየን ቆመ።

«አባባ፣ እማማ፣ እባካችሁ!» አለ። «ትወድቃላችሁ! ኃላፊነቱ የኔ ነው!»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ሞገድ። «አናጺው እዚህ ቤት ሲመጣ በየት በኩል ነው የገባው?»

«እንዴት?»

«በየት በር ገባ?»

«በዋናው በር ነዋ።»

«አበባ ይዘህ ነው የተቀበልከው» አልኩ እኔ። «ነበርኩ። ፎቶም ተነስታችኋል።»

«እንግዲያው በገባበት በር ይውጣ» አለች ሞገድ።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። «እማማ፣ ዋናው በር ጋ እንግዶች አሉ። አባታቸውን ሊያስገቡ ያሰቡ ቤተሰቦች ናቸው። ቤቱን ሊያዩ ነው የመጡት።»

«ይዩዋ! ቤቱን ሊያዩ አይደል የመጡት?»

ማንም አልሳቀም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሠራተኛው አየ፤ ሠራተኛው ወደ ጣሪያው አየ። ወደ እኔ መጥቶ ዊልቸሬን ሊገፋ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት። እጁን መለሰ። እንዴት ብሎ ይንካኝ? ጨዋ ሰው ነው አላልኩም?

ያኔ ልጃችን የአልጋውን ፍሬን በእግሯ ለቀቀች። አልጋውን በቦታው አዞረችው፤ ፊቱን ወደ ዋናው በር አደረገች። ሥራ አስኪያጁ የአልጋውን ጫፍ ያዘና ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለቀቀው።

ተከተልን። ደረታችን ተነፍቶ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ እንባችንም ይወርድ ነበር። በባለ ሹራቧ ክፍል ስናልፍ በሩ ገርበብ አለ። አንዲት እጅ ወጥታ አንሶላውን ነካች። በሩ መልሶ ተዘጋ።

ዋናው በር ባለ ሁለት ተከፋች ነው፤ አንዱ ብቻ ነው የሚከፈተው። አልጋው አልገባ አለ። ሁላችንም ቆምን። የሌላኛው ተከፋች መቀርቀሪያ ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ አቧራ ጠጥቷል፤ ከእኛ መካከል አጎንብሶ የሚነቅለው ጉልበት ያለው የለም። ሥራ አስኪያጁ አየው። ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወረወረና ተንበርክኮ ይታገለው ጀመር። ሱሪው አቧራ በአቧራ ሆነ። መቀርቀሪያው ሲጢጥ እያለ ወጣ፤ በሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ተከፈተ፤ ብርሃኑ ኮሪደሩን ሞላው።

እንግዶቹ ሶፋው አጠገብ ቆመው ነበር፤ አንድ ሽማግሌና ሁለት ልጆቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

ሞገድ ድምፁ ወደ መጣበት ዞረች። «አናጺ ነበር፣ ጋሼ» አለች በዜና ድምፅዋ። «ጎረቤታችን ነበር። በር አሳምሮ ይሠራል።»

ልጆቻቸው ክንዳቸውን ይዘው ሊያወጧቸው ሞከሩ፤ ሽማግሌው ግን ከጓሮ ዞሮ የመጣው መኪና አስከሬኑን ጭኖ እስኪታጠፍ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። ያ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልመጣም። ሥራ አስኪያጁ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳልንም፤ ሲያስታውሰንም «እማማ» እና «አባባ» ማለቱን ይተወዋል።

ግን የወለል ጽዳቱ ቀረ። አሁን ሰው ሲሞት በስሙ ይነገራል፤ በዋናው በር ይወጣል፤ የቻልን ቆመን እንሸኛለን፤ ያልቻልን ተቀምጠን። ቀብር መሄድ ለሚፈልግ ልጃችን መኪና ታዘጋጃለች። መስማት ለማይፈልግም እንዲሁ ክብር አለው፤ ባለ ሹራቧ አስቀድሞ «ዛሬ ወሬ አለ» ብቻ ትባልና ክፍሏ ትቆያለች። ከሞገድ ጋር ሰላም አይባባሉም፤ ግን ክረምት ሲገባ አንድ ሹራብ ሞገድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ሞገድ ዳብሳው፣ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ቀይ» አልኳት። ለብሳው ዋለች።

የማይኩ ክፍል ቁልፍም ተመልሷል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠውና ሄደ። ሞት ሳይሆን ሌላ ነገር እንድታነብ ተስፋ አድርጎ ይመስለኛል። ተስፋው ሠመረለት። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሞገድ ልደቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ካሰማች በኋላ እንዲህ አለች፦

«የአትክልት ቦታው በር ከምሳ በኋላ የሚቆለፍበትን ምክንያት ሥራ አስኪያጁን ጠይቀናል። ‹ለደኅንነታችሁ› የሚል መልስ ሰጥተዋል። ነዋሪዎች በመልሱ አልረኩም። ዛሬ ከምሳ በኋላ በሩ ጋ ተገኝተን በድጋሚ እንጠይቃለን። መራመጃ ያላችሁ መራመጃችሁን፣ ባርኔጣ ያላችሁ ባርኔጣችሁን ያዙ፤ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው።»

ከምሳ በኋላ ሄድን። ከአዳራሹ የቀረ ሰው ብዙ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ አይቶን ነው መሰል ቀድሞን በሩ ጋ ቆሟል፤ እጆቹን አጣምሯል፤ ፊቱ ተቋጥሯል።

«ደረስን?» አለችኝ ሞገድ።

«ደርሰናል» አልኳት። «ከፊትሽ ቆሟል።»

ሞገድ ጉሮሮዋን ጠረገች።